ክኒኑ፣ ፅንሱና 28ቱ ቀን



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ክኒን ነው። ስሙ ቫልፕሮዬት ይባላል። የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ይታዘዛል፤ ብዙዎችን ከመውደቅ አድኗል። ይኸው ክኒን ግን እናት በፀነሰች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስትወስደው የልጇን አከርካሪ፣ ልብና አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። እናቲቱን የሚያድን መድኃኒት ፅንሱን ለምን ይጎዳል? መልሱ የተገኘው በሕዋስ አስኳል ውስጥ፣ ዲኤንኤ በተጠመጠመባቸው ፕሮቲኖች ላይ ነው። ሳይንሱ ረቂቅ ነው፤ መዘዙ ግን ጤና ኬላችን ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱን ሳልነጣጥል እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ባጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ታይቷል። በዚያ ልክ ብናሰላው 5000 ሰው በሚኖርበት ቀበሌ 26 ሰው ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ ገና የሚወልዱ።

ደጋ ላይ እሳት ከቤት አይጠፋም። በደቡብ ጎንደር፣ ጉና ተራራ ሥር ባለ ቤት ብርዱ ስለሚያስገድድ ልጅም ሽማግሌም ምድጃውን ከቦ ነው የሚያመሸው። ሴቲቱ ወጥ እያማሰለች ወይም ምጣድ ፊት ቁጭ ብላ እንጀራ እየጋገረች ሕመሙ ከጣላት የምትወድቀው እሳቱ ላይ ነው። ጣቶቿ ተኮማትረው አንድ ላይ የተጣበቁ፣ ጉንጯ በጠባሳ የተጨማደደ ሴት አይተን እናውቃለን። አረፋ የደፈቀን ሰው መንካት በሽታውን ያስተላልፋል ተብሎ ስለሚፈራም ከእሳቱ የሚያወጣት እጅ ይዘገያል። በሽታው በንክኪ አይተላለፍም፤ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ በምራቅም አይተላለፍም። ይህን በየመድረኩ መደጋገም ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ መድኃኒት ማለት ለዚህች ሴት ከእሳት መዳን ማለት ነው። ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ «መድኃኒቱን አቁሙ ተባለ» የሚል ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ሕመሙን አብሶ ይመልሰዋል፤ ሳያባራ ተከታትሎ የሚጥል ሕመም ደግሞ ይገድላል። የምናገረው የትኛው መድኃኒት፣ ለማን፣ መቼ ስለሚለው ነው።

የምንበላውና የምንጠጣው ነገር ነርቭን እንደሚጎዳ ለደቡብ ጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጓያን ያውቃል። ጓያ ውኃ ባቆረ ጥቁር አፈር ላይ ተዘርቶ፣ ሌላው ሰብል በድርቅ ሲጠፋ ነፍስ የሚያቆይ እህል ነው። ለወራት እሱ ብቻ ከተበላ ግን እግርን ሽባ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደንቢያና ፎገራ ላይ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ከጋይንት ማዶ በደላንታ ዳውንት የደረሰው ይኸው ነው፤ በተለይ ወጣት ወንዶች በምርኩዝ ቀሩ። በጓያ ውስጥ ያለው ቤታ ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር ግሉታሜት የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ ይመስላል። ተመሳስሎ ይገባና የነርቭ ሕዋሱን ፋታ ነሥቶ እየቆሰቆሰ ይገድለዋል።

የቫልፕሮዬት መንገድ ከዚህ ይለያል። የሚጎዳው ሕዋሱን በቀጥታ በመግደል አይደለም። በዲኤንኤ ላይ የተጻፈውንም አንድ ፊደል አይቀይርም። የሚያውከው ከተጻፈው ውስጥ የትኛው ክፍል፣ መቼ እንደሚነበብ ነው። 

የሚነበበው እንዴት እንደሆነ ልግለጽ። በአንድ ሕዋሳችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚቀመጥበት አስኳል ግን የአንድ ሚሊ ሜትርን መቶኛ እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ ርዝመት እዚያ ጥበት ውስጥ የሚገባው ስለሚጠመጠም ነው። እናቶቻችን ፈትለው በእንዝርት ላይ የሚጠመጥሙትን ልቃቂት አስቡ፤ የሕዋሱ ፈትል ግን የሚጠመጠመው በአንድ ሳይሆን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን እንዝርቶች ላይ ነው። እነዚህ እንዝርቶች ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል እ.ኤ.አ. በ1884 ከዝይ ደም አውጥቶ ለይቷቸዋል። ስምንት ሂስቶኖች አንድ ላይ ይሰባሰባሉ፤ 147 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደል ይዞራቸዋል፤ ከዚያ ቀጣዩ ስምንት፣ ከዚያም ቀጣዩ። ፈትሉና እንዝርቶቹ በአንድነት ክሮማቲን ይባላሉ።

ሂስቶን ድፍን አይደለም። ከአካሉ ወደ ውጭ የወጣ ጅራት አለው። በጅራቱ ላይ ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ በብዛት ይገኛል፤ ላይሲን አዎንታዊ ሙል አለው፤ ዲኤንኤ ደግሞ አሉታዊ ነው፤ ስለዚህ ይሳሳባሉ፤ ጥምጥሙም ይጠብቃል። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ይሠራ የነበረው ቪንሰንት ኦልፍሪ እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ነገር አስተዋለ፤ በላይሲኑ ላይ አሴቲል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ቁራጭ ሲለጠፍ ስበቱ ይላላል፤ እዚያ አካባቢ ያሉ ጂኖችም መነበብ ይጀምራሉ። አሴቲሉ ሲነቀል መልሶ ይጠብቃል፤ ጂኑም ዝም ይላል። የሚለጥፉ ኢንዛይሞች አሉ፤ የሚነቅሉም አሉ። ነቃዮቹ ሂስቶን ዲአሴቲሌዝ ይባላሉ። ከነዚህ አሥራ አንዱ ሥራቸውን በሚሠሩበት ጉድጓድ መሰል ስፍራ ወለል ላይ አንዲት የዚንክ አቶም ይዘዋል፤ ያለ እሷ ሥራቸው አይከናወንም።

ሁሉም ጂን በአሴቲል ብቻ ይከፈታል ይዘጋል ማለቴ አይደለም። ሜቲል አለ፣ ፎስፌት አለ፣ ሌላም ሌላም አለ፤ እነዚህን ምልክቶች አንብበው ሌላ ፕሮቲን የሚጠሩ ፕሮቲኖችም አሉ። ለዛሬው ጉዳያችን ግን አሴቲሉ ይበቃናል፤ ስለ ሜቲል በኋላ ጥቂት እላለሁ።

ይህ መለጠፍና መንቀል ትልቅ ሰው ላይ ቢዛባ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቀላል ነው። የጉበት ሕዋስ ጉበት ሆኖ አብቅቷል። ፅንሱ ግን ገና እየወሰነ ነው። ከአንድ ሕዋስ ተነሥቶ ቆዳም፣ አጥንትም፣ ነርቭም የሚሆነው ያንኑ አንድ ዲኤንኤ በተለያየ ቅደም ተከተል እያነበበ ነው። ዛሬ የሚነበበው ጂን ነገ ዝም ካላለ፣ ነገ የሚነበበውም ዛሬ ቀድሞ ከተከፈተ ሥራው ይዛባል። ለዚህም ነው በትልቅ ሰው ደም ውስጥ ምንም የማይመስል መጠን በፅንስ ላይ ከባድ የሚሆነው።

አሁን ወደ ክኒኑ እንመለስ፤ ታሪኩ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። የቫልፕሮዬት መሠረት የሆነው ቫልፕሮይክ አሲድ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ለ80 ዓመት ያህል መድኃኒት መሆኑን ማንም አላወቀም፤ ሌሎች ነገሮችን የሚያሟሙበት ፈሳሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ከተማ ውስጥ ፒየር ኤይማር የሚባል ተማሪ የሠራቸውን አዳዲስ ንጥረ ነገሮች በዚህ ፈሳሽ አሟሙቶ እንዲሞከሩ ሰጠ። በእንስሳት ላይ የተሞከረው ሁሉ መንዘፍዘፍን ከለከለ። ሁሉም እንዴት ይሠራል ብለው ሲመረምሩ የሚሠራው ማሟሚያው ራሱ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1967 ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ ቀረበ፤ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1982 በሊዮን ከተማ በአፈጣጠር ችግር የሚወለዱ ሕፃናትን ትመዘግብ የነበረችው ኤሊዛቤት ሮበር አከርካሪያቸው ሳይዘጋ ከተወለዱት መካከል እናቶቻቸው ቫልፕሮዬት የወሰዱ ልጆች ከሚጠበቀው በላይ መብዛታቸውን አየች። ማስጠንቀቂያው ወጣ። ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ በፊላደልፊያ ሌላው በጀርመን ካርልስሩኸ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር አንድ መልስ ላይ ደረሱ፤ ቫልፕሮዬት ሂስቶን ዲአሴቲሌዝን ያግዳል። ወደ ኢንዛይሙ ጉድጓድ ገብቶ ዚንኳ ያለችበትን ቦታ ይይዛል። ነቃዩ ታገደ ማለት አሴቲሉ እየተለጠፈ ይከማቻል፤ መዘጋት የነበረባቸው ጂኖች ክፍት ሆነው ይቀራሉ ማለት ነው። ኢንዛይሙን ለማገድ የሚያስፈልገው መጠንም በታማሚዎች ደም ውስጥ ከሚገኘው የተለመደ መጠን ጋር ይገጣጠማል።

ከማስረጃዎቹ ሁሉ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ቫልፕሮማይድ የተባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። ከቫልፕሮዬት የሚለየው በሞለኪዩሉ አንድ ጫፍ ብቻ ነው። ይህ ዘመዱ ሂስቶን ዲአሴቲሌዝን አያግድም፤ በእንስሳት ሙከራም የቫልፕሮዬትን ያህል ፅንስ አያበላሽም። በተቃራኒው ኢንዛይሙን ከቫልፕሮዬት በላይ የሚያግዱ ዘመዶቹ ፅንሱንም በዚያው ልክ ይበልጥ ይጎዳሉ። ማገድና መጉዳት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ፣ አንዱ ሲቀር ሌላው ሲቀር ስታዩ፣ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ስለ ቅቤ ልናገር፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉ እናቶች ቅር እንዳይላቸው በጥንቃቄ እናገራለሁ። ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ቅቤ ስታማርጡ አፍንጫችሁ የሚለየው በአብዛኛው ቡቲሪክ አሲድ የሚባለውን ነገር ነው። ለጋው ውስጥ ከስቡ ጋር ተሳስሮ ስለሚገኝ አይሸትም፤ ቅቤው ሲበስል ይላቀቅና ያንን ስለታም ሽታ ያመጣል። ይህ አሲድ አራት ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ነው፤ ቫልፕሮይክ አሲድ ደግሞ ስምንት ካርቦን ያለው ቅርንጫፋም ነው። አንድ ዘር ናቸው። በሥራም ይመሳሰላሉ፤ ከቡቲሪክ አሲድ የሚገኘው ቡቲሬት በሕዋስ ላይ ሲደረግ የሂስቶኖች አሴቲል እንደሚበዛ እ.ኤ.አ. በ1977ና በ1978 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለ ቫልፕሮዬት ይኸው ከመታወቁ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው።

ታዲያ ቅቤ ፅንስን ይጎዳል? አይጎዳም። በትልቁ አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ቀኑን ሙሉ ቡቲሬት ይሠራሉ፤ የሚሠሩትም ከማይፈጭ የእህል ክፍል፣ ከገብስ ቆሎ፣ ከበሶ፣ ከጤፍ ልጣጭ ነው። የአንጀት ግድግዳ ሕዋሶች ዋናው ስንቃቸው ይህ ነው፤ እነሱ በልተውት የሚተርፈውን ጉበት ይወስደዋል፤ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። ቫልፕሮዬት ግን በቀን በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሚሊ ግራም ይዋጣል፤ በደም ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል፤ እንግዴ ልጁን ያልፋል፤ በእትብት ደም ውስጥ የሚለካውም ከእናቲቱ ደም ይበልጣል። የአራስ ገንፎ ላይ የሚፈሰውን ቅቤ ማንም እንዳይፈራ። የኬሚካሎች ዝምድና የሚነግረን አሠራራቸውን ነው፤ አደጋውን የሚወስነው መጠንና ጊዜ ነው።

ስለ አልኮልም በአጭሩ ላክል፤ ማኅበርና ዝክር የማይጠፋበት አገር ነውና። ጠላም ሆነ አረቄ ሲጠጣ ጉበት አልኮሉን ወደ አሴቴት ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት በአይጦች ላይ እንደታየው ያ አሴቴት አንጎል ደርሶ በሂስቶኖች ላይ አሴቲል ሆኖ ይለጠፋል፤ ያረገዘች አይጥ አልኮል ስትወስድ በፅንሱ አንጎል ውስጥም ይኸው ተገኝቷል። «ለነፍሰ ጡር ጠላ ደም ይሆናል» የሚለውን ወግ የምንተውበት ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ወደ ፅንሱ ልግባ። በፀነሰች በሦስተኛው ሳምንት በፅንሱ ጀርባ ላይ ዝርግ የነርቭ ሽፋን ይታያል። ጠርዞቹ ይነሣሉ፤ ወደ መሀል ይጎበጣሉ፤ ይገናኙና ቱቦ ይሆናሉ። የላይኛው ጫፍ አንጎል፣ የታችኛው ሕብለ ሰረሰር ይሆናል። ይህ ሁሉ በ28ኛው ቀን ገደማ ያበቃል። ላዩ ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ያለ ራስ ቅል ክዳን ይወለዳል፤ አይኖርም። ታቹ ሳይዘጋ ከቀረ ስፓይና ቢፊዳ ይሆናል፤ ጀርባው ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት፣ የማይንቀሳቀስ እግር፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል፣ ብዙ ጊዜም ጭንቅላት ውስጥ ውኃ መጠራቀም ይከተላል። ቀዶ ሕክምናውን ፍለጋ ከደቡብ ጎንደር፣ ከፋርጣ ወደ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወይም ወደ ጎንደር፣ ወይም እስከ አዲስ አበባ ሕፃን አዝሎ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ እዚህ ተቀምጣችኋል።

በ28ኛው ቀን እናቲቱ የወር አበባዋ ከዘገየባት ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ማርገዟን ላታውቅ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የመጀመሪያ የቅድመ ወሊድ ክትትላቸውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያደረጉት ከ100 እናቶች 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። አምስተኛ ወሯ ላይ ጤና ጣቢያ መጥታ «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» የተባለች ሴት ጥያቄው ዘግይቶባታል። አከርካሪው ተዘግቷል፤ ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል።

ቁጥሩን ልናገር። ዩራፕ የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ከ7000 በላይ እርግዝናዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ውጤት፣ ቫልፕሮዬት ከወሰዱ እናቶች ልጆች 10.3 በመቶው ከባድ የአፈጣጠር ችግር ነበረባቸው። ከሌሎቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፌኖባርቢታል ላይ 6.5፣ ካርባማዜፒን ላይ 5.5፣ ላሞትሪጂን ላይ 2.9፣ ሌቬቲራሲታም ላይ 2.8 በመቶ ነበር። መጠኑም ይወስናል፤ በቀን 650 ሚሊ ግራምና ከዚያ በታች ቫልፕሮዬት ከወሰዱት ዘንድ 6.3 በመቶ የነበረው፣ 1450ና ከዚያ በላይ በወሰዱት ዘንድ 25.2 በመቶ ደርሷል። ይህ በዓይን የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው የአእምሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የዴንማርክ ጥናት በማህፀን ሳሉ ቫልፕሮዬት ካገኛቸው ልጆች 4.4 በመቶው ኦቲዝም ነበረባቸው፤ በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ 1.5 በመቶ ነው። በፈረንሳይ የመንግሥት ጤና ተቋማት ግምት ደግሞ መድኃኒቱ ከወጣበት ከ1967 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት በዚህ ምክንያት የአፈጣጠር ችግር ያገኛቸው ልጆች ከ2150 እስከ 4100 ይደርሳሉ። ፈረንሳይ ሐኪምም መዝገብም ያላት አገር ናት፤ መረጃውም ከ1982 ጀምሮ በእጇ ነበር። እዚያ መረጃው ከሐኪሙ ወደ ሴቲቱ ጆሮ ሳይደርስ ያ ሁሉ ዓመት ካለፈ፣ እኛ ዘንድ ከዚያ የበለጠ መትጋት ይኖርብናል።

በአገራችን አከርካሪያቸው ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ በአዲስ አበባ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ከ10,000 ወሊድ 126፣ ሌላው በትግራይ ሆስፒታሎች 131 አግኝተዋል። ዱቄታቸውን ፎሊክ አሲድ በሚባለው ቪታሚን በሚያበለጽጉ አገሮች ይህ ቁጥር ከ10 በታች ነው። ይህን ሁሉ ቫልፕሮዬት አመጣው ማለት ስህተት ነው፤ የሚወስዱት እናቶች ጥቂት ናቸው። ትልቁ ጥያቄ ፎሊክ አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ባሳተመው ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ ዳግም የመከሰቱ ዕድል በ72 በመቶ ቀንሷል።

ቅድም ያቆየሁት ሜቲል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዲኤንኤና በሂስቶን ላይ ሜቲል የሚለጥፉ ኢንዛይሞች ሜቲሉን የሚያገኙት ከፎሌት፣ ማለትም ከዚሁ ከፎሊክ አሲድ ቪታሚን፣ በሚነሣ የኬሚካል ቅብብሎሽ ነው። ፎሌት ሲያንስ የዲኤንኤ መራባትም ይጓደላል፤ የሜቲል አቅርቦቱም ይሳሳል። ስለዚህ ፎሌት የጎደላት እናት ቫልፕሮዬት ስትጨመርባት ፅንሷ በሁለት በኩል ይፈተናል። ፎሊክ አሲድ ቫልፕሮዬት ያደረሰውን ይሽራል ግን አልልም፤ ያንን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም። አሴቲል የሚነቅለው ኢንዛይም ከታገደ ሜቲል በመጨመር አይፈታም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥታለች። ለከተማ ትልቅ ነገር ነው። የፋርጣ ገበሬ ግን ዱቄት አይገዛም፤ ገብሱን፣ ጤፉን፣ ስንዴውን ራሱ አምርቶ ቀበሌው ውስጥ ባለው ወፍጮ ቤት ያስፈጫል። የቡሄ ሙልሙል የሚጋገረው በፋብሪካ ዱቄት አይደለም። በየቤቱ ሳይቀር ከውጭ ተገዝቶ የሚገባው ጨው ነው። በአዮዲን የበለጸገ ጨው ደጋው ድረስ ደርሷል፤ ፎሊክ አሲድ የተጨመረበት አዮዲናም ጨው ደግሞ በደቡብ ሕንድ ገጠር ተሞክሮ በሴቶች ደም ውስጥ የፎሌትን መጠን ከፍ አድርጓል። ለደቡብ ጎንደር የሚበጀው ይህ መንገድ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ወደ ታካሚዋ ልመለስ። በአካባቢያችን ልጅት በ13 ወይም በ14 ዓመቷ ሕመሙ ይጀምራታል። ክኒን የሚያዝላት ባለሙያ ልጅ ናት ብሎ ስለ እርግዝና አያነሣባትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ትዳራለች። በሽታው እንዲታወቅባት ስለማትፈልግ ክኒኑን ሙዳይ ውስጥ ደብቃ ትወስደዋለች፤ ለባሏ አትነግርም፤ ለአማቷ አትነግርም፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አትነግርም። የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቷ ላይ «ቫልፕሮዬት» የሚል ቃል አለ፤ የሚያነብላት የለም። ያቺ ልጅ ናት የምታሳስበኝ። ለእሷ ማሰብ የሚጀመረው ማዘዣው በተጻፈበት ቀን ነው፤ ዕድሜዋ ስንትም ቢሆን።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሊወልዱ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች በተቻለ መጠን ቫልፕሮዬት እንዳይጀመር ይላል። በሌላ መድኃኒት ፈጽሞ የማይረጋ የሕመም ዓይነት አለ፤ በዚያን ጊዜ ሴቲቱ አደጋውን አውቃ፣ አነስተኛው መጠን ተሰጥቷት፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይዛ ትጠቀመዋለች። እየወሰደች ያለች ደግሞ ለመውለድ ከማሰቧ ብዙ ወራት አስቀድሞ ቀስ እያለ ወደ ሌላ መድኃኒት ትዛወራለች፤ በቀን 5 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድም ትጀምራለች። ሳታስበው ካረገዘች ክኒኑን ራሷ አትጥለው፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትምጣ።

የጤና ባለሙያዎች ይህን ልብ በሉ። ወደ ፌኖባርቢታል ወይም ካርባማዜፒን ስትቀይሩላት እነዚህ መድኃኒቶች የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃቁ የወሊድ መከላከያ እንክብልንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ ያዳክማሉ። ከቫልፕሮዬት አድነናት ሳታስበው እንድታረግዝ ማድረግ አይገባም። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌና በማህፀን የሚቀመጠው መከላከያ በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው።

ለካህናትና ለጠበል አስተባባሪዎችም አንድ ልመና አለኝ። ጠበል የምትሄድ ሴት መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ። ለሁለት ሱባኤ የተቋረጠ ክኒን ሕመሙን በእጥፍ ይመልሰዋል፤ ከዚያም ባለሙያው የሚያረጋጋት ነገር ሲያጣ ከፍ ያለ መጠን ያዝላታል፤ ከፍ ያለው መጠን ደግሞ ለፅንስ የከፋው ነው። የእናንተ አንድ ቃል ከእኛ አሥር ምክር በላይ ይሰማል።

በክሮማቲን ላይ የሚሠሩ ኬሚካሎች ሁሉ ጎጂ አይደሉም። ሂስቶን ዲአሴቲሌዝን የሚያግደው ቮሪኖስታት እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት የሊምፎማ ካንሰር ተፈቅዷል። በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ተዘግተው የቀሩ ጠባቂ ጂኖች እንዲነበቡ ይፈለጋል፤ ስለዚህ በፅንስ ላይ የምንፈራውን ድርጊት እዚያ ላይ እንፈልገዋለን። እዚህ ያላችሁ የፋርማሲና የባዮሎጂ ተማሪዎች በዚህ መስክ ገና ብዙ ሥራ ይጠብቃችኋል።

እስከዚያው ግን ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሲታም በየወረዳው መድኃኒት ቤት ሁልጊዜ እንዲገኙ፣ ዋጋቸውም አንዲት የጋይንት ገበሬ የምትችለው እንዲሆን እንጠይቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው የመድኃኒት ግዢና ስርጭት ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ላይ ድምፅ ያላችሁ ሰዎች ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል። ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ከእናንተ መካከል ክኒኑን የሚወስድ ዘመድ ያለው ካለም እንድንነጋገር ከመድረኩ ወርጄ እጠብቃለሁ።